የህንድ ገጾችና የቅሬው ባና

የህንድን ሕዝብ የገዛው «ቀኝ ግዛት» ነው ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ አምኜ ኖሬያለሁ። ማመን ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ በመንደሩ አባወራ ሁሉ ፊት ቆሜ አስተምሬበታለሁ። ያን ቀን የሳቁብኝ ሰዎች ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኛቸው ከንፈራቸው ይከዳቸዋል። ይሳቁ። ነገሩን ግን እኔው ብጽፈው ይሻላል፤ እነሱ ሲያወሩት የባናውን ነገር ይዘሉታል። ቁም ነገሩ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ሸማኔ ነኝ። የምሠራው ጥጥ አይደለም፣ የበግ ጠጉር ነው። በመንዝ ብርድ ሰው ለብሶት የሚተኛውን ባና፣ ሽማግሌ የሚደርበውን በርኖስ እሠራለሁ። አባቴም ይኸንኑ ይሠራ ነበር። ቤታችን ውስጥ ከምሰሶው አጠገብ እግር የሚገባበት ጉድጓድ አለ፤ አፋፉ ላይ ተቀምጬ በእግሬ ታች ያለውን መርገጫ እረግጣለሁ፣ በእጄ መወርወሪያውን አመላልሳለሁ። ወጣትነቴ ያለቀው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ከአምስት የጎረቤት ሴቶች ጋር ጠጉሩን ትፈትላለች። እነሱ ካልፈተሉ እኔ የለሁም፤ እኔ ካልሠራሁ የእነሱ ልቃቂት ለአይጥ መኝታ ነው።

የፋብሪካ ብርድ ልብስ ከመጣ ወዲህ ዘመሮ ገበያ ባናዬን ዘርግቼ እውላለሁ፣ ሰው ይዳስስና «እንዴት ይከብዳል!» ብሎ ያልፋል። ከባድ መሆኑ ድሮ ምስጋና ነበር። በሳቁብኝ ዓመት ሁለት ሸጬ፣ ሦስተኛውን ተሸክሜ ተመለስኩ። ስለዚህ ለባለቤቴ ቁርጡን ነገርኳት፦ ቅሬው ካላዘዘኝ ጉድጓዱን ደፍኜ ጎተራ አቆምበታለሁ። ቅሬ የምንለው ከተሜው እድር የሚለውን ነው። የእኛ ቅሬ ለሐዘን ቤት የሚያውላቸው ባናዎች ነበሩት፤ ሐዘንተኛ ሦስት ቀን የሚቀመጥባቸው፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ለብሷቸው የሚያድር። አርጅተው ጭድ መስለዋል። ሃያ አዲስ መተካት አለበት ተባለ። ከቆላ እየወጣ የሚነግድ አንድ ነጋዴም ይኸንን ሰምቶ በአይሱዙ ብርድ ልብስ ጭኖ ሊመጣ ነው ተባለ።

ወደ ህንድ ልመለስ።

ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው። ልጅ ሳለሁ ዘመሮ ትምህርት ቤት ነበር። አባቴ ወንድሜን ላከው፣ እኔን ከጉድጓዱ አስቀመጠኝ። ወንድሜም ቢሆን ብዙ አልቆየም፤ «ቁጢት በጣሽ» እያሉ አባረሩት። ሸማኔን ሲንቁ የሚሉት ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ደግሞ እኔ ጫካ ለጫካ ነበርኩ፤ ለትምህርት የሚጠራው ቀበሌ ለውትድርናም የሚጠራው ነው፣ ለየትኛው እንደሆነ ሄጄ ልጠይቅ እንዴ? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሸበትኩ። በኋላ ከዓለም ከተማ አንዲት መምህርት ተመድባ መጣች፤ ከሰዓት በኋላ ለጎልማሶች ማስተማር ጀመረች። ባለቤቴ ሂድ አለች። ሄድኩ። መወርወሪያ የለመደ እጄ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት እርሳስ ሰበረ።

«ጋሼ፣ እርሳሱን አይጭመቁት፣ አይሮጥብዎትም» ትለኝ ነበር መምህርቷ።

ማንበብ ስችል የሚነበብ አጣሁ። አንድ ቅዳሜ ዘመሮ ከአንዲት ባለሱቅ ጨው ስገዛ በመጽሐፍ ገጽ ጠቅልላ ሰጠችኝ። እዚያው ቆሜ ጨውን ኪሴ ውስጥ ገልብጬ ወረቀቱን አነበብኩት። ስለ ጨው ነው የሚያወራው! አንድ ሕዝብ ጨው በእጁ እንዳይሠራ በባዕድ ሕግ ተከልክሎ፣ በእግሩ ተጉዞ ባሕር ዳር ደርሶ ሲሠራ።

«የቀረውን ስጪኝ» አልኳት።

«የቱን የቀረ?»

«መጽሐፉን።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«አነበዋለሁ።»

«አይ ጋሼ! በርበሬውን በምን ልጠቅልል ታዲያ?»

አሮጌ ጋዜጣ ፈልጌ አመጣሁላትና ተለዋወጥን። ሽፋን የለውም፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም በስኳርና በበርበሬ አልቋል። የተማሪ የታሪክ መጽሐፍ ነው። የቀሩት ገጾች በሙሉ ስለ ህንድ ነበሩ።

ስለ ህንድ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በንጉሡ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ህንዳዊ አስተማሪ ነበር፤ ብርዱ ሲያንዘፈዝፈው ከአባቴ ባና ገዛ። ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ጠርዙን ይዞ ድሩን በጥፍሩ ለያየው፣ ማጉን በጣቱ አሸው፣ አሸተተው። «ይኼ ሰው ክር ያውቃል» አለ አባቴ ከሄደ በኋላ። አባቴ በዕድሜው ያመሰገነው ገዢ እሱን ብቻ ነው።

ገጾቹን ቀስ ብዬ አነበብኩ፤ አንዱ ገጽ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። ባዕዶቹ መጀመሪያ የመጡት ለንግድ ነው። ቆይተው ጠመንጃ አመጡ፣ ቀጥሎ ግብር፣ ቀጥሎ ሕግ። ጥጡን ከአገሬው ገዝተው ባሕር ያሻግሩታል፣ በአገራቸው በመኪና ይሠሩታል፣ መልሰው አምጥተው ለአገሬው ይሸጡለታል። የአገሬው ሸማኔ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ውጪ ወጣሁ። የእኔን ነገር እንዲህ አድርጎ የጻፈልኝ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ ቀጭን ሰውዬ ይመጣል። እዚህ የማንንም ስም ስለማላነሳ የእሱንም አላነሳም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። የተማረ፣ የሕግ ሰው ነው። ሱፉን አወለቀ፣ መሬት ተቀመጠ፣ ክር ፈተለ። ሕዝቡንም ፍተሉ፣ የባዕድ ልብስ አትልበሱ አለ። ሰዉም የባዕዱን ልብስ አደባባይ ከምሮ አቃጠለው።

ይኸንን ለባለቤቴ ሳነብላት እንዝርቷን አቆመች።

«ወንድ ልጅ ነው የሚፈትለው?»

«ወንድ ነው።»

«ሚስት የለውም?»

«አለችው ይላል።»

«ታዲያ ምን ሆናበት ነው? ታማ ነው?»

«ሴትዮ፣ አገር ነጻ ሊያወጣ ነው እኮ!»

«እንዝርት ይዞ?» አለች። እንዝርቷን መልሳ አሾረችና «ክሩ ግን ወፍራም ነው የሚሆንበት፣ የወንድ እጅ» አለች።

ሰዎቹ ይደበደባሉ፣ እጃቸውን አያነሱም። ይታሰራሉ፣ ሌላው ተራውን ይዞ ይመጣል። የመጨረሻው ገጽ የሚያልቀው መሪዎቹ ሁሉ እስር ቤት እንደገቡ ነው። ለእኔ እዚያው ነበሩ፤ ሁለት ዓመት ታስረው ቆዩ። ህንድ ነጻ ወጣች አልወጣች ብሎ መምህርቷን መጠየቅ ያሳፍረኝ ነበር፤ ሽማግሌ ሰው ይኼን አያውቅም እንዴ እንዳትል።

እንግዲህ ይኼን ሁሉ ሳነብ «ቅኝ» የምትለዋን ቃል «ቀኝ» እያልኩ ነው። ቅኝ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ቀኝን ግን አውቃለሁ፤ በቤተ ክርስቲያን ጻድቃን የሚቆሙት በቀኝ ነው፣ ቀኝ አዝማች የሚባልም ሹም ነበር። ዓይኔ የሚያውቀውን አነበበ። ባዕዶቹ ራሳቸውን በቀኝ አስቀምጠው አገሬውን ወደ ግራ ገፍተው ነው፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው ብዬ ደመደምኩ። እውነት ለመናገር ዛሬም ቢሆን ትርጉሙ የሚከፋ አይመስለኝም።

ቅሬው የተሰበሰበው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው መስክ ላይ ነው። ወንዶቹ ከድንጋይ አጥሩ ጋር፣ ሴቶቹ ፈንጠር ብለው። የቅሬው ዳኛ መሐል ተቀምጠዋል፤ በዐቢይ ጾም በገና የሚደረድሩ፣ ቁጡ ያልሆኑ ሽማግሌ ናቸው። የቆላው ነጋዴ አንድ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጥቷል። መካ ደርሶ የተመለሰ ስለሆነ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንለው። መምህርቷም አባል ናትና ነበረች።

ሐጂ ብርድ ልብሱን ሣሩ ላይ ዘረጋው። አበባ አለበት።

«ወንድሞቼ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ» አለ። «የእሱ ባና ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። የእኔ ግን ይረክሳል፣ ይኼንንም አልዋሽም።»

ሰውን ለመጥላት እንዲህ ያለ ነጋዴ አይመችም።

እኔ ተነሣሁ። ገጾቹን ከብብቴ አወጣሁ። በሕይወቴ በሰው ፊት ሳነብ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፄ ግን አልከዳኝም። ስለ ሸማኔዎቹ አነበብኩ። ስለ ሰውዬው አነበብኩ። ሰው ጸጥ ብሎ ሰማኝ፤ ይኼን ማንም አይወስድብኝም። ጸጥ ሲሉልኝ ጊዜ አማረኝና ወረቀቱን ዝቅ አድርጌ ማብራራት ጀመርኩ።

«ቀኝ ግዛት ማለት» አልኩ «ባዕድ መጥቶ በቀኝ ይቀመጣል፣ አንተን ባለ አገሩን በግራ ያስቀምጥሃል። በግራ ያለ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ይኼ ብርድ ልብስም በቀኝ ሊቀመጥብን ነው የመጣው!»

«እውነት ነው» ያለ ሰው ነበር። ኋላ ካደ እንጂ።

መምህርቷ እጇን አወጣች፣ እንደ ተማሪ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ቅኝ ነው።»

«ምኑ?»

«ቀኝ አይደለም፣ ቅኝ ነው። ቅኝ ግዛት።»

ወረቀቱን አየሁት። እውነቷን ነው፣ ቅ ነበረች። ከዚያ በላይ ዝርዝር አያስፈልግም። ሳቁ ከወንዶቹ ተነስቶ ሴቶቹ ጋ ደረሰ። ባለ ብዙ በጉ ጎረቤቴ ሆዱን ይዞ «ቀኝና ግራውን ሳይለይ ህንድን ሊያስተምረን!» አለ። እሱ ራሱ ስሙን የሚፈርመው በአውራ ጣቱ ነው።

ዳኛው እጃቸውን አነሡ። «ቆይ፣ ቆይ። ቅኝ ደግሞ ምንድን ነው? እኔ የማውቀው የበገና ቅኝት ነው።»

መምህርቷ «የሰው አገር ገብቶ፣ ያንን አገር በራሱ ልክ መግዛት ነው አባባ» አለች።

«እህ፣ በገናዬን ስቃኝ ጅማቱ በራሱ ፈቃድ አይጮኽም። ጆሮውን ጠምዝዤ እኔ በምፈልገው ልክ አጠብቀዋለሁ። እንደሱ ነው?»

መምህርቷ «እንደሱ ነው» አለች።

«እንግዲያማ ሰውዬው ብዙም አልተሳሳተም፤ የሚጠመዝዘው ቀኝ እጅ ነው» አሉ ዳኛው። ሳቁ ግን በዚህ አልበረደም።

ከኋላ አንዱ «እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ ምን አገባን?» አለ።

«ብርድ ልብሱን ማን እንደሚሠራው ጠይቅ!» አልኩ። ተናድጄ ነው። «የእነዚያው ነው! እነዚያ የህንድን ሸማኔ ያስራቡት ናቸው ዛሬ እኛ ጋ የደረሱት!»

ሐጂ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «አይ አያ፣ እንዲህ እንኳ አይመስለኝም» አለና የብርድ ልብሱን ጠርዝ ገልብጦ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ለመምህርቷ አሳያት። በፈረንጅ ፊደል ነው የተጻፈው፣ እኔ አላነበውም። እሷ አነበበችው። መልሳ አነበበችው። አንዴ እኔን አየች።

«በህንድ የተሠራ ይላል።»

ከዚያ የመጣውን ሳቅ ግን ከመጀመሪያው ጋር ማወዳደር አይቻልም። ሐጂ ራሱ ሊያዝንልኝ ሞክሮ አቃተውና አፉን በእጁ ሸፈነ። ዳኛው ዓይናቸውን እየጠረጉ «ታዲያ የማንን ነው የምናቃጥለው ልጄ?» አሉ።

እኔ ግን በዚያ መሐል ያሰብኩት ሌላ ነው። ወጥተዋል ማለት ነው አልኩ ለራሴ። ሁለት ዓመት እስር ቤት ያቆየኋቸው ሰዎች ወጥተዋል፣ ፋብሪካም አቁመዋል፣ እኔ ቤት ድረስም መጥተዋል። ደስ ልሰኝ ወይስ ልዘን አላወቅኩም። ወረቀቱን አጣጥፌ ልቀመጥ ስል ባለቤቴ ከሴቶቹ መሐል ተጣራች።

«አንተ! ያ ሰውዬ የፈተለውን ይሸጥ ነበር?»

«ምን?»

«ክሩን። ይሸጠው ነበር ወይ ነው የምልህ?»

«ወረቀቱ አይልም።»

«እንግዲህ አልሸጠም» አለችና ተቀመጠች።

ይኼ ነው የተናገረችው። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስለኖርኩ የቀረው ገባኝ፤ አንተም አትሽጠው ማለቷ ነው። ሐጂን በዋጋ አላሸንፈውም። ለመሸነፍም እልሄ አልፈቀደም። አገር መውደድ፣ ምናምን ብዬ አላሳምረውም፤ እልህ ነው፣ በተለይም የባለ በጉ ጎረቤቴ ሳቅ።

«ጠጉሩን አምጡ» አልኩ። «በግ የሌለው ቤት የለም። በየቤቱ ጠጉር ይዋጣ፣ ሴቶቹ ይፍተሉ፣ እኔ እሠራለሁ። የእጄን አላስከፍልም። ለቅሬው ነው።»

ሴቶቹ በኩል ጉምጉምታ ተነሣ። «እኛንስ ማን ጠየቀን?» አለች አንዷ። ባለቤቴ የሆነ ነገር በጆሮዋ ነገረቻት። ምን እንዳለቻት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ዳኛው ቆረጡት። ጠጉሩ ከመጣ ባናው እስከ ጥምቀት ይሠራል፤ የጎደለው ከሐጂ ይገዛል። ሐጂም «ይሁን፣ ጎደሎውን እኔ እሞላለሁ» ብሎ ብርድ ልብሱን አጠፈ።

ጠጉሩ መጣ። እንዴት እንደመጣ ግን ልናገር። አንዳንዱ አጥቦ፣ ነጩን ከጥቁሩ ለይቶ አመጣ። አንዳንዱ አንድ እፍኝ አምጥቶ የበጉን ሕመም ሲተርክልኝ ዋለ። ያ ጎረቤቴ አንድ ከረጢት ሙሉ ላከ፤ ከጓሳው የግጦሽ መስክ ጫፍ ከቁጥቋጦ ሲፋተጉ የከረሙ በጎቹ ጠጉር፣ እሾሁ እንዳለ። ሴቶቹ ሲለቅሙት ጣታቸው ደማ። ረገሙት፣ ለቀሙት፣ ፈተሉት። እሾሁ ግን ሁሉም አልወጣም።

እኔ ጉድጓዴ ገባሁ። የምሠራበት ዋጋ ስለሌለ የሚያስቸኩለኝ ገበያ የለም፤ ድሩ ሲበጠስ እንደ በፊቱ አልሳደብም፣ እቀጥላለሁ። አንድ ቀን መምህርቷ ልትጎበኘኝ መጣች። በዚያ ቀን ስላረመችኝ ይቅርታ ልትጠይቅ ፈልጋ ነው መሰለኝ፣ የጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጣ ትቁነጠነጣለች።

«ይልቅ መጨረሻውን ንገሪኝ» አልኳት። «ከእስር ወጥተው ምን ሆኑ?»

ነገረችኝ። ባዕዶቹ ሄዱ። አገሩ ግን ሲወጡ ለሁለት ተከፈለ፤ ለዘመናት አብሮ የኖረው ጎረቤት በሃይማኖት ተለይቶ ተራረደ፣ ሰው በባቡር፣ በጋሪ፣ በእግሩ እየሸሸ መንገድ ላይ አለቀ። ሰውዬውስ አልኳት። እሱንም ገደሉት አለች፣ በጥይት።

«ባዕዶቹ?»

«የገዛ አገሩ ሰው ነው ጋሼ።»

መወርወሪያውን አስቀመጥኩ። የዚያን ቀን ሌላ አልሠራሁም። ባለሱቋ ያንን ገጽ ለበርበሬ አውላው ኖሯል። እኔ ያነበብኩት ታሪክ ሰው ሁሉ እጁን አጣምሮ ተደብድቦ የሚያሸንፍበት ነበር፤ እውነተኛው እንደዚያም ነበር፣ እንደዚህም ነበር። ለባለቤቴ ስነግራት እንዝርቷን አላቆመችም። «ሚስቱስ?» አለች። ቀድማው እስር ቤት ሞታለች አልኳት፤ መምህርቷ ነግራኝ ነበር። «ቢያንስ አላየችም» አለች።

ጥምቀት ደረሰ። አሥራ አንድ ባና ወጣ። ጠጉሩ እዚያ ላይ አለቀ። ዘጠኙን ከሐጂ ገዛን፤ አበባ ያለባቸውን።

የመጀመሪያው ሐዘን ከወንዙ ማዶ ካለው ቤት ሆነ። አሮጊት ናቸው ያረፉት። በሁለተኛው ቀን ሄድኩ። የኔም የሐጂም ተቀላቅሎ ተነጥፏል፣ ሰዉ እንደመጣ ተቀምጧል። ማንም የቱ ላይ እንደተቀመጠ አላየም። አሥራ አንድ ባና ያለ ዋጋ ሠርቼ አንድ ሰው እንኳ «ይኼ የአንተ ነው?» አላለኝም። ከፋኝ፣ አልደብቅም። የሰው ሐዘን ቤት ተቀምጬ ስለ ባና መቀየሜ ደግሞ ይበልጥ ከፋኝ።

ጥግ ላይ ባዶ ቦታ ነበር። ስቀመጥ አንድ ነገር ወጋኝ። እሾህ። የጎረቤቴ ጠጉር ያለበት ነው። በጥፍሬ ላወጣው ስታገል አጠገቤ ያለው ሰው ዞር አለ። አላውቀውም፤ ከሌላ ደብር ለለቅሶ የመጣ ነው፣ ሌሊቱን እዚያው ያደረ። ባናውን በእጁ አጥፎ እየመዘነ ነበር።

«ትናንት ማታ ይቺን ለብሼ ነው ያደርኩት» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ብርድ አልሰማሁም። የኛ ቅሬ ያሉት ባናዎች ሁሉ ተቀዳደዋል። ማን እንደሠራት ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። የፈተሉት ደግሞ እነዚያ ናቸው» አልኩና ሴቶቹን በአገጬ አሳየሁት።

«ለኛም ትሠራለህ? በዋጋ እኮ ነው የምልህ።»

«ይኼ የሐዘን ቤት ነው» አልኩት። «ሰኞ ና።»

ሰኞ በጠዋት መጣ።